ቆዳ የሌለው ነጋሪት

አንድ ጊዜ ጅቦች ግር ብለው የአንበሳን አገር ወረሩ። ንጉሡ አንበሳ ክፉኛ ስለቆሰለ ከንግሥቲቱና ከሁለት ደቦሎቹ ጋር ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጎረቤት አገር ተሰደደ። ከመሄዳቸው በፊት ንግሥቲቱ ነጋሪቱን ለአህያ አደራ ሰጠቻት። በአገሩ ልማድ ነጋሪት ያላስጎሰመ እንደ ንጉሥ አይቆጠርም ነበር።

«ጅቦቹን ለመጣል ስትዘጋጁ ሦስት ጊዜ ጎስሚው፤ ያን ጊዜ እንመጣለን» አለቻት።

አህያ ነጋሪቱን ዋሻ ውስጥ ደበቀችው። የጅቦቹ አለቃ አያ ጅቦ ግን ንጉሥ መባል አማረውና ነጋሪቱ የት እንዳለ ጠየቃት። አላውቅም አለች። አስደበደባት፤ ጆሮዋንም አስቀደደው። አሁንም አላውቅም አለች። በመጨረሻ ጅቦቹ የቆዳውን ሽታ ተከትለው ራሳቸው አገኙት። አህያ ለጆሮዋ ያላለቀሰችውን ለነጋሪቱ አለቀሰች።

«ተይ አታልቅሺ፤ የያዘው እኮ ጅብ ነው» አለቻት ቀበሮ። ከዚያም አያ ጅቦ ዘንድ ሄዳ፣ እስከ ንግሡ ቀን ድረስ ነጋሪቱን የገዛ ወገኖቹ በየተራ ቢጠብቁት እንደሚሻል መከረችው። ምክሯ ደስ አለው።

የመጀመሪያው ጠባቂ ጠርዙን ላሰ። ሁለተኛው ትንሽ ቀመሰ። ሦስተኛው ግማሹን ጨረሰ። ሊቆጣጠር የመጣው አያ ጅቦ ደግሞ፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው ብሎ የቀረውን ዋጠው።

በንግሡ ቀን አራዊቱ ሁሉ በግድ ተሰበሰቡ። መሐል ላይ የቆመው የነጋሪቱ ባዶ ግንድ ብቻ ነበር። ከወደ ኋላ ሳቅ ሲሰማ አያ ጅቦ አፈረና ዓይኑን አህያ ላይ ጣለ።

«ቆዳ ከሆነ የጠፋው፣ የእሷ ይበቃል» አለ።

«ይሄኛውንስ ማን ሊጠብቀው ነው?» አለች ቀበሮ።

አህያ ፈራች። መሮጥ ትችል ነበር፤ ግን አልሮጠችም። «የተሰጠኝ አደራ ቆዳው ብቻ አይደለም፤ ጥሪውም ነው» አለችና ሰኮናዋን አንስታ መሬቱን ሦስት ጊዜ መታች። ጎሽ ተከተላት። አጋዘንና ድኩላ፣ ከርከሮም ሳይቀር ተከተሉ። ሁሉም እኩል ሲረግጡ ድምፁ ወንዙን ተሻገረ።

ቁስሉ ከሻረለት ወዲህ ያን ጥሪ ሲጠብቅ የቆየው ንጉሥ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ ወንዙን ሰንጥቆ መጣ። ጅቦቹ ከፊት አንበሳ፣ ከኋላ ሰኮና ሲሆንባቸው አገር ለቀው ፈረጠጡ።

አህያ ባዶውን ግንድ እየገፋች ቀረበች። «እቴጌ፣ አደራዎን አስበላሁ» አለች አንገቷን ደፍታ።

ንግሥቲቱ የተቀደደ ጆሮዋን አየች። «ማዶ ሆነን የሰማነውን የመሰለ ነጋሪት በዕድሜያችን ሰምተን አናውቅም» አለቻት።

ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ አገር ንጉሥ ሲነግሥ ነጋሪት አይጎሰምም፤ አራዊቱ ናቸው መሬቱን የሚረግጡት፣ መጀመሪያም አህያ።

ከዚህ የምንማረው፣ ወራሪ የአገርን ዕቃ ቢዘርፍም ሕዝቡ እምቢ ብሎ በአንድነት ከቆመ አገሩን ሊወስድበት እንደማይችል ነው።