በክረምት ወጣት የምትሆነው አህያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ አዋጅ በሚተዳደሩበት አገር፣ ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የወጣቱ ነገር ንጉሥ አንበሳን አሳሰበው። ጥጆች በየሜዳው ይራገጣሉ፣ ግልገሎች የጎረቤት አጥር ይጥሳሉ፣ የዝንጀሮ ልጆች ደግሞ ገደል አፋፍ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይሰድባሉ። ንጉሡ ከአማካሪዎቹ ጋር ሰባት ቀን መከረና አዋጅ አስነገረ፤ በክረምት ወጣት ለቀጠረ ሁሉ፣ የደመወዙን ግማሽ የቤተ መንግሥቱ ጎተራ ይሸፍንለታል። በዚያ አገር ደመወዝ የሚከፈለው በገብስ ነው። አንበሳ ገብስ ስለማይበላ በገብስ በኩል እጅግ ቸር ነበር።

አዋጁን ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው፣ በሕይወቱ ምንም ነገር ቶሎ ተረድቶ የማያውቀው አያ ጅቦ ነው። አያ ጅቦ ከቆላ ወደ ደጋ እህልና ደብዳቤ የሚያመላልስ የጭነት ድርጅት ነበረው፤ የሚጭኑለትም ስምንት አህዮችና በቅሎዎች ናቸው። ሠራተኛን መብላት በሕግ ስለተከለከለ፣ ምራቁን እየዋጠ ያስተዳድራቸዋል። አዋጁ በተነገረ ማግስት ስምንቱንም ሰበሰበና ስለ ታማኝነታቸው አመስግኖ አሰናበታቸው፤ በምትካቸው ስምንት ወጣት ሊቀጥርና ግማሹን ደመወዝ ለንጉሡ ሊተውለት ነው። እንዲህ ሆኖ፣ ሥራ ፈትነትን ለማጥፋት የወጣው አዋጅ ገና በመጀመሪያው ቀን ስምንት ሥራ ፈት አስገኘ።

ከተሰናባቾቹ አንዷ እመት አህያ ነበረች። እመት አህያ የተማረች ናት፤ በልጅነቷ የኔታ ጉሬዛ ዘንድ ፊደል ቆጥራ፣ ማንበብና መጻፍ አጥርታ ወጥታለች። ምን ያደርጋል፣ ዓይን አፋር ናት። ሰው ሲያያት ጆሮዋ ይወድቃል፣ ድምፅዋ ጉሮሮዋ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የሌሎችን ደብዳቤ ማንበብ ስትችል፣ የሌሎችን ደብዳቤ በጆንያ ስትሸከም ኖረች። ባሏ ከግመሎች ጋር ጨው ሊጭን ወደ በረሃ ወርዶ ሳይመለስ ቀርቷል። በቤቷ ያለችው ገና ጡት ያልጣለች ውርንጭላ ብቻ ናት።

እመት አህያ ሦስት ቀን አሰበች፤ በአራተኛው ቀን የወጣቶች መዝጋቢ ሆኖ ወደተሾመው አቶ ቀበሮ ሄደች። አቶ ቀበሮ ማንበብ አይችልም፤ ግን መነጽር አለው። አንገቷን ደፍታ ችግሯን ዘረዘረችለት። እሱም እያዘነ፣ የአዋቂ መዝገብ እንደሌለው፣ ወጣት ከሆነች ግን ዛሬውኑ እንደሚያስጽፋት ነገራት።

«ወጣት አይደለሁም እኮ፣ አቶ ቀበሮ። አራት ጊዜ ወልጃለሁ» አለችው በሹክሹክታ።

«ስለ መውለድሽ ማን ጠየቀሽ? እመት አህያ፣ ወጣትነት ድሮ በዕድሜ ነበር፤ አሁን በመዝገብ ነው። መዝገቡ ደግሞ እኔ ጋ ነው።»

በምላሹ የፈለገው ትንሽ ነገር ነበር። መዝገቡን እሷ ትጽፍለት፣ የዓመቱንም ሪፖርት ታዘጋጅለት፣ ይህንንም ለማንም አትንገርበት። እመት አህያ ብዕሩን ተቀበለች። ከየኔታ ጉሬዛ ቤት ከወጣች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ የጻፈችው ቃል፣ በራሷ ስም ትይዩ «ወጣት» የሚለው ነበር።

አንድ ችግር ቀረ። የአህያ ዕድሜ የሚታወቀው በጥርሷ ነው፤ ገበያ የወጣ ገዢ ሁሉ መጀመሪያ ከንፈሯን ፈልቅቆ ነው የሚያየው። የእመት አህያ ጥርስ ደግሞ ዕድሜውን አይደብቅም። መድኃኒቱ ግን ከባሕርይዋ ጋር የተስማማ ሆነ፤ አፏን ዘጋች። ሲያነጋግሯት ታቀረቅራለች፣ ሌሎች ሲስቁ ፊቷን ታዞራለች፣ ስታዛጋ ከጆንያ ክምር ኋላ ትሸሸጋለች። አገሩም ተደነቀ። «የማን ልጅ ትሆን? የዘንድሮ ወጣት ሁሉ እንደሷ ጨዋ ቢሆን» ተባለላት።

መዝገቡ የመራት መልሶ ወደ አያ ጅቦ ድርጅት ነበር። አያ ጅቦስ አላወቃትም? ለዓመታት ያስጫናት ጌታዋ ነበር። ነገር ግን ጅብ አህያን የሚያያት ከሽንጧ ወደ ኋላ ነው፤ ፊቷን ልብ ብሎት አያውቅም። ሥራ በጀመረችበት ቀን ሽንጧን አየ፣ ዞረና ደግሞ አየ፣ ጥቂትም ተጠራጠረ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ የነበረች አንዲት አሮጊት ነበረች። ዘመዷ ነሽ እንዴ?»

«እንቀራረባለን፣ አያ ጅቦ።»

«እሷ ሰነፍ ነበረች፤ ዳገት ላይ ትቆማለች። አንቺ ግን ወጣት ነሽ፣ ጉልበት አለሽ። በሉ፣ አንድ ጆንያ ጨምሩላት።»

እመት አህያ ሐሜቷን በገዛ ጆሮዋ ሰምታ፣ የወጣትነቷን ጆንያ ደርባ ዳገቱን ተያያዘችው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። መስከረም ሲጠባ ታረጃለች፤ ሰኔ ሲገባ መልሳ ወጣት ትሆናለች። ለልጇ፣ አክስት ቤት አረም ልታግዝ እንደምትሄድ ነግራት ትወጣለች። ረፋድ ላይ ትጭናለች፤ ዝናቡ ሲበረታ በአቶ ቀበሮ ቢሮ፣ ከሰሌን መጋረጃ ኋላ ተቀምጣ መዝገብ ትጽፋለች። ሥራ ፈልገው ለሚመጡት ጥጆችና ግልገሎች በየስማቸው አጠገብ «ቦታ ሞልቷል» ብላ ትጽፋለች። በመጀመሪያው ክረምት እየሰረዘች ትጽፍ ነበር። በሁለተኛው ጽሕፈቷ አማረ። የማታውቃቸው ልጆች ናቸው፤ እናት አላቸው፣ የሆነ ነገር አያጡም ብላ ራሷን አጽናናች። በሪፖርቱም የስምንት ወጣቶች ሕይወት ከሥሩ መለወጡን በሚያምር አማርኛ ለንጉሡ ገለጸች። ንጉሡ ሪፖርቱን ሲሰማ እንባ እንዳቀረረ ተነገራት።

ሦስተኛው ክረምት ደረሰ። ውርንጭላዋም አድጋ፣ እንደ እናቷ የኔታ ጉሬዛ ዘንድ ስትማር ከርማለች። የኔታ ጉሬዛ ግን ለመስከረም ክፍያ ጨምረዋል፤ የእናቷ ገብስ ደግሞ ከሁለት ጉሮሮ አያልፍም።

አንድ ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ እመት አህያ ከሰሌኑ ኋላ ተቀምጣ ስትጽፍ፣ ከወዲያ የምታውቀውን ድምፅ ሰማች። ልጇ ናት። ለእናቷ ሳትነግር ሥራ ልትጠይቅ መጥታለች። አቶ ቀበሮ የማን ልጅ እንደሆነች አያውቅም፤ እንደ ልማዱ መነጽሩን አስተካክሎ ቦታ መሙላቱን ነገራት።

«ምንም ቢሆን፣ ጋሼ ቀበሮ? ጆንያም መሸከም እችላለሁ፣ መጥረግም እችላለሁ።»

«ልጄ፣ ቢኖር እከለክልሻለሁ? ዘንድሮ ወጣቱ በዛ።»

«እንግዲያው ከግመሎቹ ጋር እወርዳለሁ። እሑድ ነው የሚነሡት። እነሱ መዝገብ አይጠይቁም።»

ከመጋረጃው ኋላ ብዕሩ ቆመ። አቶ ቀበሮ ወደ ሰሌኑ ዞር ብሎ ስሟን ከነውሳኔው እንድትመዘግብ ጮክ ብሎ አዘዘ። እመት አህያ ብትነሣ ልጇ ታያታለች፤ ብትናገር ድምፅዋን ታውቃለች። ጆሮዋ ወደቀ። በገዛ ልጇ ስም አጠገብ «ቦታ ሞልቷል» ብላ ጻፈች። ጽሕፈቷ እንደ ሁልጊዜው የተስተካከለ ነበር።

ቤት ስትገባ እንዳትሄድ ለመነቻት። ልጅቷ ግን እናቷ አክስት ቤት አርማ ስትመለስ ጀርባዋ ተልጦ እያየች ዝም ብላ መቀመጥ እንደማትችል፣ አባቷ ባይመለስም እሷ እንደምትመለስ ነገረቻት።

በማግሥቱ እመት አህያ ቦታዋን ለውርንጭላዋ እንዲሰጥላት አቶ ቀበሮን ለመነችው። እሱም በትዕግሥት አስረዳት። የተለቀቀ ቦታ ለሚቀጥለው ተራ ነው፤ ተራውን የያዙት የወንድሙ ልጆች ናቸው፤ አራት ናቸው። አንድ ቦታ በቀጥታ ለተከለከለ ልጅ የሚሰጠው፣ የያዘው አታላይ ሆኖ በንጉሡ ፊት ሲገኝ ብቻ ነው።

«ይህን ደግሞ አንቺም አትፈልጊውም፣ እኔም አልፈልገውም» አላት። «ይልቅ እሑድ ንጉሡ ሊጎበኙን ነው። አርአያ ወጣት ሆነሽ ተመርጠሻል፤ የምስጋና ንግግር ታደርጊያለሽ። ንግግሩን አንቺው ጻፊው፤ ከአንቺ የተሻለ ማን አለን?»

እሑድ ጠዋት ንጉሥ አንበሳ በትልቁ ዋርካ ሥር ተቀመጠ። የአያ ጅቦ ስምንት ወጣቶች ተሰለፉ። ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር ቆሟል፤ በስተጀርባ ለመንገድ የተዘጋጁ ግመሎች ያመሰኳሉ። እመት አህያ ወደ ፊት ወጣች። «ጃንሆይ፣ እኛ ወጣቶች» ብላ ጀመረችና ቀና ስትል፣ ከግመሎቹ መካከል ልጇን አየቻት። ወገቧ በጨው ጫኞች ገመድ ታስሯል። ውርንጭላዋም አርአያ የተባለችውን ወጣት አየቻት፤ ጆሮዎቿ በመገረም ቀጥ ብለው ቆሙ።

የተጻፈው ንግግር ከእመት አህያ እጅ ወደቀ።

«ጃንሆይ፣ እኔ ወጣት አይደለሁም» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። «ሦስት ክረምት ሙሉ የልጆችን ገብስ በላሁ። መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ‹ቦታ ሞልቷል› እያልኩ የመለስኳቸውም እኔ ነኝ። በስተመጨረሻ የመለስኩት የገዛ ልጄን ነው።» ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት ከንፈሯን ገልጣ ጥርሷን አሳየች።

አያ ጅቦ ግራና ቀኝ እየተገላመጠ፣ ታዲያ እሱ የቀጠራት ወጣት የት እንደሄደች አጠገቡ ያሉትን ጠየቀ።

አቶ ቀበሮ ጊዜ አላጠፋም። መነጽሩን አውልቆ እጅ ነሣ። «ጃንሆይ፣ ይህ የአዋጅዎ ፍሬ ነው። በሦስት ክረምት ሥራ ብቻ እንዲህ በስላለች፤ በሌላ አገር ቢሆን ዕድሜ ልክ ይፈጅ ነበር።»

ነገሩ ንጉሡን ደስ አሰኘው። ጎፈሩን አበጠረ። አማካሪዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሕዝቡም አማካሪዎቹን አይቶ ተከተለ። የእመት አህያ ኑዛዜ በጭብጨባ ሊቀበር ጥቂት ቀረው። በዚያ መሐል ውርንጭላዋ ገመዷን እየጎተተች ወደ ፊት መጣችና ከእናቷ ጎን ቆመች።

«ጃንሆይ፣ እናቴ ናት። እሷ ወጣት ከሆነች፣ እኔ ገና አልተወለድኩም።»

ጭብጨባው ቆመ። ይህን አያ ጅቦ እንኳ ተረዳው። ንጉሡም የማይገባው መምሰል ስላልቻለ፣ የሰልፈኞቹ ሁሉ ጥርስ እንዲታይ አዘዘ። ከስምንቱ ወጣት ሆና የተገኘችው አንዲት በቅሎ ብቻ ናት። ስድስተኛው ድዱ ብቻ ቀርቶታል። ስምንተኛው ደግሞ አህያ እንኳ አልነበረም፤ የአህያ ቆዳ የደረበ የአያ ጅቦ አማች ነበር።

ንጉሥ አንበሳ እጅግ ተቆጣ። ቁጣው እንደ ወትሮው ከላይ ጀምሮ ሲወርድ እየከበደ መጣ። አቶ ቀበሮ መዝገብ እንዴት እንደሚበላሽ ጠንቅቆ ያውቃልና፣ የአገሩ መዛግብት ሁሉ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። ለአያ ጅቦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው፤ እሱም በላው። እመት አህያ ግን በራሷ አፍ ስለተናዘዘች ምስክር አላስፈለጋትም፤ የሦስት ክረምቱን ገብስ በቤተ መንግሥቱ ማሳ ላይ አርማ እንድትመልስ ተፈረደባት። ቦታዋም በአዋጁ መሠረት ለተከለከለችው ውርንጭላ ተሰጠ። ግመሎቹ ያለሷ ወረዱ።

ልጅቷ ለሁለት ቀን እናቷን አላናገረቻትም። በሦስተኛው ቀን ጭነቷን አራግፋ በማሳው በኩል ስታልፍ፣ እናቷ አቀርቅራ ስታርም አገኘቻት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈርኩ።»

«በረሃ ብወርድ ኖሮስ፣ እማ?»

እመት አህያ ወደ ትልሟ አጎነበሰች። ውርንጭላዋም ማሳው ውስጥ ገብታ፣ ከእናቷ ቀጥሎ ባለው ትልም አረሙን መንቀል ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለልጆች የተሰፈረውን በልጅ ስም የሚበላ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚነጥቀው ከገዛ ልጁ አፍ መሆኑን ነው።