ደመና የዋለበት ዕለት

በአንድ ወቅት፣ አንድ ቀጭን መስኖ ሁለት መንደር በሚያጠጣበት አገር፣ አያ ውበቱ የሚባሉ የውሃ አባት ነበሩ። ውሃውን ለላይ አምባና ለታች አምባ በተራ የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። ሰዓታቸው ጥላቸው ነው፤ ቀጥ ብለው ይቆሙና ጥላቸውን በእግራቸው ይለካሉ፣ ልኩ ሲደርስ የአንዱን ቦይ በዶማ ደፍነው የሌላውን ይከፍታሉ። እሳቸው የታች አምባ ልጅ፣ ሚስታቸው ይታይሽ የላይ አምባ ልጅ ስለሆኑ ሁለቱም መንደር ያምናቸው ነበር። እምነት ከተባለ ነው፤ ከየመንደሩ አንድ አንድ ሰው አጠገባቸው ቆሞ እርምጃቸውን ይቆጥር ነበር።

አንድ ቀን ደመና ዋለ፤ ጥላ የለም። አያ ውበቱ በግምት «የላይ አምባ ተራ አብቅቷል» አሉ። የይታይሽ ወንድም «ገና ነው!» ብሎ ቦዩ ላይ ቆመ። የአያ ውበቱ ወንድም የታች አምባን ቦይ ሊከፍት መጣ። በዱላ ተያያዙ፤ ሁለቱም ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ አያ ውበቱ የማይጠረጥሩት ሰው የለም፤ ከሁሉ አብልጠው ግን ራሳቸውን። ያን ቀን የገመቱት ሰማዩን ዐይተው ነው ወይስ ወንድማቸውን? ሌሊትም ቀንም ይህንኑ ያብሰለስላሉ።

የሁለቱ መንደር ሽማግሌዎች መጥተው «ዶማውን ከልጆችዎ ላንዱ ያስረክቡ፤ የሁለታችንም ደም ያላቸው እነሱ ናቸው» አሏቸው። እሳቸውም ሦስቱን ልጆቻቸውን በጎሪጥ ያዩ ጀመር።

ልየው፣ ትልቁ፣ የማንንም ለቅሶ አልደረሰም። ሰው ሲቀበር እሱ ቦይ ይጠርግ ነበር። «ያዘነ ሰው ውሃ በትክክል መለካት አይችልም» አለ። ሚዛን እንደማያዛባ የታወቀ ነው። አባትየው ግን ሁለት አጎቶቹ በአንድ ቀን ሞተውበት ዐይኑ ያልረጠበውን ሰው ፈሩት።

አንሙት፣ መካከለኛው፣ የአባቱን ወገን ለቅሶ ብቻ ደረሰ። ለላይ አምባ ሰዎችም ፊት ለፊት «አልወዳችሁም፤ ውሃችሁን ግን አንዲት ጠብታ አልነካም» አላቸው። እውነትም አልነካም። አባቱ ግን ጥላ ባለበት ቀን መታመን ቀላል ነው ብለው አጉረመረሙ።

እናንየ፣ ሴቷ ልጅ፣ ጠዋት ወደ ላይ አምባ፣ ከሰዓት ወደ ታች አምባ ሄዳ ደረቷን ደቃች። አያ ውበቱ ልጃቸውን ስትዋሽ ሊይዟት በየአጥሩ ሥር ተደብቀው አዳመጡ። በሁለቱም ቤት የተናገረችው አንድ ነው፤ «ያኛውም አጎቴ ነው፤ ለሱም አለቅሳለሁ።» በሁለቱም ቤት ንፍሮ እንኳ ነሷት፤ «ባለ ሁለት ምላስ!» አሏት። አባቷም እፎይ አላሉም፤ የትኛው እንባ ነው የእውነቱ?

የርክክቡ ዕለት ደረሰ፤ እንደ ተረገመ ሰማዩ ጠቆረ። የሁለቱም መንደር ሽንኩርት ጠውልጓል። የላይ አምባ ሰው ዱላውን ይዞ «ተራችን አላለቀም» ይላል፤ የታች አምባም ዱላውን ይዞ «አልቋል» ይላል። አያ ውበቱ ልጆቻቸውን «ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ልየው «ጥላ እስኪታይ ለማንም አልከፍትም» አለ። ያኔ ውሃው ገደል ይገባል።

አንሙት «ለላይ አምባ እተውላቸዋለሁ። እንደማልወዳቸው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ባልተጣራ ነገር እነሱ ይጠቀሙ» አለ። ያኔ የገዛ አባቱ መንደር ይደርቃል።

እናንየ «ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ለሁለት እከፍለዋለሁ» አለች። ያኔ በየመንደሩ ከዳር ያለው ማሳ ውሃ አይደርሰውም፤ ሁለቱም ይቀየሟታል።

ይታይሽ ከባሏ ፊት ቆማለች። ባልና ሚስቱ ከዚያ ቀን ወዲህ አብረው አልቅሰው አያውቁም። «ውበቱ፣ ሦስተኛ መቃብር እንዳታስቆፍረን» አለቻቸው።

አያ ውበቱ ዶማውን አነሱ።

እንግዲህ ፍረዱ፦ ዶማው ለማን ይገባል? ከፈረዳችሁ በኋላም አንዴ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሰማዩን ዐይታችሁ ነው ወይስ ወንድማችሁን?