ላስቲኩ ያልተነሣ ወንበር

አንድ ሰው መኪና ሊገዛ ተነሣ። ስሙን አልጠራላችሁም፤ እዚህ መካከላችን የለም፣ ከተማውም ሌላ ነው። ዞር ዞር እያላችሁ አትፈልጉት።

ይህ ሰው ታላቅ እህት አለችው፤ ወይዘሮ ታደለች ትባላለች። እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ አራት ወንድሞቿን ያሳደገች ሴት ናት። አሁን ኩላሊቷ ታሟል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ እጥበት አላት። የምትመላለሰው በባጃጅ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ድንጋይ ብቻ ነው። ከእጥበት የወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አቅሙ አልቆ ነው የሚወጣው። መርፌ የገባበትን እጇን በሌላው እጇ ደግፋ፣ እየተንገጫገጨች ነበር ቤቷ የምትገባው።

ወንድሞቿ ተሰበሰቡ። እትዬ እንዲህ እየተንገላታች ዝም አንልም ተባባሉና አዋጡ። እግዚአብሔር ይባርካቸው፤ እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። መኪና ገዝቶ እንዲያመላልሳት አደራው የተሰጠው እዚያው ከተማ ለሚኖረው ለዚህ ሰው ነው።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። ትንሽ ሆና ከፍ ያለች፣ ድንጋዩን የምትችል የቤት መኪና ትሁን ተባለ። ግን በቤንዚንም በባትሪም የምትሄደው ሃይብሪድ ትሁን ወይስ የቤንዚን ብቻ?

በሉ እንግዲህ! አምስት ወር! ሜካኒክ ጠየቀ። የቤንዚኗን ማንም ይፈታታል፣ መለዋወጫዋም የትም አለ፣ የሃይብሪዷ ባትሪ የሞተ ቀን ግን ታለቅሳለህ አለው። ደላላ ጠየቀ። ማደያ ሰልፍ ላይ መዋል ካማረህ የቤንዚኗን ውሰድ ብሎ ቀለደበት። የቢሮ ጓደኞቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ሃይብሪድ ድምፅ ስለሌላት ሰው ትገጫለች ይላል፤ ሌላው አንተ ከነዳሃት የትኛዋም ትገጫለች ይለዋል። እኔም ተጠየቅሁ፤ ያን ጊዜ የማገለግለው እዚያ ከተማ ነበር። ሃይብሪድ ግዛ አልኩት። ብስክሌት እንኳ የሌለኝ ሰውዬ!

ሳቃችሁ? ሳቁ። ግን በአምስት ወር ውስጥ ስንት ማክሰኞ አለ? ስንት ዓርብ አለ? ያን ሁሉ ማክሰኞና ያን ሁሉ ዓርብ ታደለች ባጃጅ ላይ ነበረች። ደግሞስ ከተማውን ሁሉ ሲያማክር እሷን ጠይቋታል? አንድ ቀን እንኳ የትኛዋ ትመችሻለች አላላትም። እኔ መጋቢዋም ብሆን ሂድና ጠይቃት አላልኩትም።

በመጨረሻ ሃይብሪዷን ገዛ። ለምን? ለታመመች እህቱ ጸጥ ስለምትል? አይደለም። ስትሸጣት የተሻለ ታወጣለች ስላሉት ነው። ገና ቁልፉን ሳይጨብጥ መሸጫዋን ያሰላል!

ጸልይልኝ ብሎ ጠራኝና ሄድኩ። እጄን ወንበሩ ላይ ጭኜ ባረክሁ። ወንበሩ በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው፤ ከፋብሪካ ከመጣችበት ላስቲክ ጋር። እናንተም ታውቁታላችሁ። ስንቶቻችን ነን አዲስ ናት እንዲባልልን ላስቲኩ በፀሐይ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ ላዩ ላይ ተቀምጠን የምንነዳ? እኔም ከእጄ ሥር ሲንኮሻኮሽ እየሰማሁ አሜን ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ ደረሰ። ታደለች ያጠበችውን ነጠላ ለብሳ ወጣች፤ ጎረቤት በሙሉ መርቆ ሸኛት። ስትሄድ ደህና ነበረች። ስትመለስ ግን ጉልበት የላትም፤ ላስቲኩ ደግሞ ሙልጭልጭ ነው። መኪናዋ በታጠፈች ቁጥር ወደ በሩ ትሄዳለች፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር ወደ ፊት ትሄዳለች። አንዴ ጭራሽ ከወንበሩ ወርዳ ወለሉ ላይ በጉልበቷ ዐረፈች። ያን ጊዜ ለመነችው።

"ወንድሜ፣ ይቺን ላስቲክ ብታነሣልኝ፤ እያንሸራተተችኝ ነው።"

ምን ብሎ መለሰላት መሰላችሁ?

"እትዬ፣ ላስቲኩ ከተነሣ እኮ ዋጋዋ ይወርዳል። ጠበቅ አድርገሽ ያዢ።"

በምኗ ትያዝ? በየትኛው እጇ?

ዓርብ ሊወስዳት ሲሄድ የለችም፤ በባጃጅ ሄዳለች። ታዲያ ይህ ሰው ምን አደረገ? ተጸጸተ? እኔ ዘንድ መጥቶ ከሰሳት እንጂ! ይህን ሁሉ ደክሜ ገዝቼ በሰፈር ሰው ፊት አዋረደችኝ፣ ሽማግሌ ሆነህ አስታርቀን አለኝ። የላስቲኩን ነገር ትንፍሽ አላለም። እኔም ጥቅስ ይዤ ሄድኩ። ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በሉ ብዬ ላስተምራት! ማንን? ታደለችን!

ጥቅሱን እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ ማክሰኞ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ስለ ጉዞው የነገርኳችሁን ሁሉ የሰማሁት ከእሷ ነው። በመጨረሻም እንዲህ አለችኝ፦

"ፓስተር፣ የባጃጁ ወንበር ተቀዳዷል፣ ስፖንጁ ወጥቷል። ግን ሾፌሩ ጉድጓድ ሲያይ 'እማማ፣ ትከሻዬን ይያዙ' ይለኛል። የሱን ትከሻ እይዛለሁ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያው ተነሥቼ ወደ ወንድምየው ሄድኩና ሳላለሳልስ ነገርኩት። አነሣዋለሁ፣ ትንሽ ቀን ስጠኝ አለኝ። ሰጠሁት። በዚያ ትንሽ ቀን ውስጥ ሸጣት! ከነላስቲኳ። ለወንድሞቹ የተሻለች ልገዛላት ነው አላቸው። በሚቀጥለው እሑድ ከአገልግሎት ስወጣ ጠበቀኝና፣ ስሙ እንግዲህ፣ ፓስተር አሁን ደግሞ የትኛዋ ትሻላለች፣ ሃይብሪድ ወይስ ቤንዚን አለኝ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

አሜን አትበሉኝ። ዛሬ አሜን አልፈልግም። ተናድጃለሁ፤ በእሱም፣ በራሴም፣ በእናንተም።

በእናንተ ለምን? ሳሎናችሁን ለእንግዳ ብላችሁ ቆልፋችሁ አሮጊት እናታችሁን ኮሪደር ላይ የምታስተኙ የላችሁም? እግዚአብሔር አደራ ብሎ የሰጣችሁን ነገር ለማን ብሎ እንደሰጣችሁ ረስታችሁ፣ እንዳይቆሽሽ፣ እንዳይጨማደድ፣ ዋጋው እንዳይወርድ የምትጠብቁ የላችሁም? ቢሮዬ እየመጣችሁ የትኛውን ልግዛ፣ የትኛውን ሰፈር ልምረጥ፣ ጸልይልኝ ትሉኛላችሁ። ማን ሊቀመጥበት ነው ብሎ የመጣ አንድ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ሃይብሪድም ግዙ፣ ቤንዚንም ግዙ፤ ጌታ ስለ ሞተሩ አይጠይቃችሁም። ስለ ወንበሩ ይጠይቃችኋል።

እኔ ባለፈው እሑድ በመስኮት አየሁ። ዝናብ ነበር። ከዚህ ግቢ መኪና በመኪና ላይ ተከታትሎ ወጣ፤ አብዛኛው አንድ ሰው ወይ ሁለት ሰው ይዞ። እናቶቻችን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጥጋቸውን ይዘው በጭቃው ሲሄዱ ጥሩምባ እየነፋችሁ አለፋችኋቸው። ከእነዚያ መኪኖች ስንቶቹን ነው እኔ የባረክሁት?

ስለዚህ ዛሬ የመሰናበቻውን ቡራኬ እዚህ መድረክ ላይ አልሰጥም። ዣንጥላዬን ይዤ ውጭ በሩ ላይ እቆማለሁ። መኪናችሁን በሰው ሞልታችሁ የምትወጡትን እየባረክሁ አሳልፋችኋለሁ። ባዶ ወንበር ይዞ የሚወጣ ካለ፣ መስኮቱን ያውርድና ለምን እንደሆነ ይንገረኝ።