አራት መልህቅ የጣለው ነጋዴ

አንድ አጥናፉ የሚባል ነጋዴ ነበር። ችኮላው ለጉድ ነው። ሲራመድ ጥላው አይደርስበትም፤ ጠዋት ከደጅ የተለየው ጥላ የሚያገኘው ማታ እራት ላይ ነው ይባላል። እህል ሲሸጥ፣ ጨው ሲገዛ፣ ከሚስቱ ከዘርፌ ጋር አንድ ቀን ተቀምጦ ሳያወራ አሥራ ስምንት ዓመት ሄደ።

አንድ ቀን ዘርፌ በሩን ዘግታ ቆመች።

«አንድ ወር ስጠኝ» አለችው። «ገበያ የሌለበት፣ ሚዛን የሌለበት አንድ ወር። እሱንም ከበላህብኝ ወንድሜ ቤት እገባለሁ፤ አንተም ከጆንያህ ጋር ትኖራለህ።»

ፊቷን ሲያየው እንዳልቀለደች ገባው። ባለ ሸራ ጀልባ አዘጋጀ፣ ስንቅ ጫነ፣ ሞቃት ባሕር ላይ ወዳለች አንዲት ደሴት ይዟት ሄደ።

ደሴቲቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ዓሦቹ እርስ በርስ እየተያዩ ያፍራሉ። ነፋሱ የሚነፍሰው ሰው እንዳይቀሰቅስ ተጠንቅቆ ነው። ዘንባባዎቹ ወደ ባሕሩ ጎንበስ ብለው ያንጎላጃሉ፤ አንዳንዱማ ያንኮራፋል። ዳር ዳሩን መልህቅ የጣሉት ጀልባዎች ገመዳቸው ረጅምና ልል ነው። ነፋሱ በዞረ ቁጥር ሁሉም አብረው፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ሕልም ይዞራሉ። እዚያ አገር ገመድ ማጥበቅ የሚባል ልማድ የለም።

አጥናፉ ግን ውሃውን ሦስት ጊዜ ዞሮ ምርጡን ቦታ አገኘ። የዘንባባው ጥላ ጀልባው ላይ ያርፋል፤ ጀምበር የምትጠልቀው ልክ ፊት ለፊት ነው። «ይህቺ ቦታ ከእጄ አትወጣም» ብሎ በአራቱም ማዕዘን አራት መልህቅ ጣለ፤ ገመዱንም እንደ ክራር ክር ወጠረው።

የጀልባዎቹ ጠባቂ ሽማግሌው ሳልህ ታንኳቸውን እየቀዘፉ መጡ።

«ልጄ፣ ገመዱን ላላ አድርገው። ባሕሩ ይተነፍሳል።»

«አባባ፣ ይህን ወር ያገኘሁት በስንት መከራ መሰለዎት? ካላላሁት ያመልጠኛል።»

«የቱ? ወሩ ነው ጀልባው?»

«ሁለቱም።»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹና ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አጥናፉ ዕረፍቱን እንደ ገበያ ያሯሩጠው ጀመር። «ዘርፌ፣ አሁን ተኚ» ይላታል። ዓይኗን ሳትከድን «በቃ፣ ተነሺና ባሕሩን እዪ» ይላታል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ «ቶሎ በይ፣ ልትጠልቅ ነው፤ ተደሰቺ» ይላል።

«ደስታውን ቆሜ ነው ተቀምጬ?» አለችው አንድ ቀን።

«ተቀምጠሽ ይሻላል» አላት፤ የምሯን መስሎት።

በስምንተኛው ቀን ዘርፌ ልብሷን አጣጥፋ ጓዟን መቋጠር ጀመረች። አጥናፉ ይህን አየ። የመጣለት መላ ግን ገመዱን ይበልጥ ማጥበቅ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ጨረቃ ልትሞላ ነበርና ባሕሩም ከሌላው ቀን አብልጦ ሞላ። የሌሎቹ ጀልባዎች ከውሃው ጋር ከፍ፣ ከፍ አሉ። የአጥናፉን ግን አራቱ ገመዶች ወደ ታች ጨምድደው ያዟት። ውሃው ከፍ አለ፣ እሷ እዚያው ቀረች፤ ባሕሩም በጠርዟ ዘሎ ገባ። አጥናፉ በጣሳ ይቀዳል፣ ይደፋል፤ አንድ ጣሳ ሲያስወጣ ባሕሩ አንድ ጋን ይመልስለታል።

ሳልህ ታንኳቸውን አስጠጉ። «ገመዱን ቁረጠው፣ ልጄ።»

«ቦታዬስ?»

«ቦታው የት ይሄዳል? የምትሰምጠው አንተ ነህ።»

አጥናፉ አሁንም ጣሳውን አልለቀቀም። ቀና ሲል ዘርፌ ጓዟን ታንኳው ላይ አኑራለች፤ አንድ እግሯም እዚያው ነው።

«እኔ መቼ ቦታ ጠየቅኩህ?» አለችው፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ጣሳው ከእጁ ወደቀ። ቢላዋ አንስቶ ሦስቱን ገመድ ቆረጠ፤ አራተኛውን ሽማግሌው እንዳሉት ረጅም አድርጎ ለቀቀው። ጀልባዋ ከጭቃ እንደወጣ በሬ ተርገፍግፋ ተነሳች፤ ከዚያም ከሌሎቹ ጋር ቀስ ብላ ዞረች። የዘንባባው ጥላ ሄደ። ጀምበሯ በስተጀርባ ቀረች። በፊት ለፊት ደግሞ እስከ ዛሬ ያላዩት ነጭ አሸዋና መረብ እየጠገኑ የሚዘፍኑ ሴቶች መጡ።

አጥናፉ የሚያጠብቀው ነገር አጣ። እርጥቡ ጣውላ ላይ ተቀመጠ። «ጣውላው ርሷል፤ ግን ለሁለት ይበቃል» አለ።

ዘርፌ እግሯን ከታንኳው መለሰችና አጠገቡ ተቀመጠች። ሽማግሌው መቅዘፍ ሲጀምሩ «አባባ፣ ጓዜንስ?» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ጀልባዋ ወዳዞረቻቸው ዞሩ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ተኙ፤ ወሬ ሲመጣ አወሩ። የአሥራ ስምንት ዓመቱ ወሬ ተከማችቶ ስለነበር ዓሦቹ ሳይቀሩ ለመስማት ጆሮ አወጡ ይባላል። አንድ ጠዋት አጥናፉ «ወሩ አለቀ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

«እንጃ» አለች ዘርፌ። «እኔ መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ።»

ደስታን እንዳያመልጠን ብለን አጥብቀን ስናስረው፣ የምናሰጥመው አብረነው የተሳፈርነውን ሰው ነው። ለወደዱት ሰው ጊዜ መስጠት ማለት ጊዜውን ማዘዝ አይደለም፤ አብሮ ከፍ ማለት፣ አብሮ መዞር ነው። እናንተስ? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የትኛውን ገመድ ታላላላችሁ?