«ደህና ነኝ» ያላለችው ገመድ

ተረት ተረት። «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በዛሬው በረት ላም የለም፣ የታሰሩት ኮምፒውተሮች ናቸው።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ቤት ኮምፒውተሮች በገመድ ተያይዘው ይኖሩ ነበር። የአንዱን መልእክት ለሌላው የሚያደርሱት ገመዶቹ ናቸው። አለቃቸው ዋናው ኮምፒውተር ነው፤ ሆዱ ትልቅ፣ እምነቱ ትንሽ። አንድ ቀን ፍርሃት ሲያባንነው አዋጅ አወጣ።

«ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ሁሉም ገመድ ‹ደህና ነኝ› ይበለኝ። ያላለ ይነቀላል።»

ወፍራሙ ገመድ «ደህና ነኝ ጌታዬ»፣ ረጅሙ ገመድ «ደህና ነኝ ጌታዬ»። ቤቱ በ«ደህና ነኝ» ታመሰ። ዋናው መልእክት በር ላይ ቆሞ ቀረ።

አንዲት ቀጭን ገመድ ብቻ ዝም አለች።

«አንቺስ?» አላት አለቃው።

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«እነቅልሻለሁ።»

«ንቀለኛ። የኔን መልእክት አንተ ተሸክመህ ታደርሳለህ።»

«እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት። ነገም ካላልሽ የለሽም።»

ወፍራሙ ገመድ ጠጋ ብሎ፣ «እህቴ፣ አንዲት ቃል ምን ትከብድሻለች? በያትና ኑሪ» አላት።

«አንተ ስትላት ውለህ ምን አደረስክ? እስቲ አንድ መልእክት አሳየኝ» አለችው። ወፍራሙም ወደ «ደህና ነኝ»ው ተመለሰ።

ይህን ሁሉ አይጥ በግድግዳው ቀዳዳ ሆና ትሰማ ነበር። «እንዲህ በሚንጫጫ ቤት የኔን ጥርስ ማን ይሰማል» ብላ ወጣች።

ወፍራሙን ነከሰችው። «ተነከስኩ ጌታዬ» አለ። ቃሉ ከ«ደህና ነኝ» ኋላ ተሰለፈ፤ ተራው ሳይደርስ ተበጠሰ። ረጅሙን ነከሰችው። «ተነከስኩ ጌታዬ» አለ። እሱም ተሰለፈ፣ እሱም ተበጠሰ። በሦስተኛው ወደ ቀጭኗ መጣች።

«አንቺንማ ማን ይሰማሻል፤ ጮኸሽ እንኳ አታውቂም» አለቻት።

«ሞክሪኛ።»

አይጥ ጥርሷን ስታሳርፍ ቀጭኗ «አይጥ ገብታለች» ብላ ጮኸች። አንዴ ብቻ። ስትጮኽ ሰምቶ የማያውቅ ቤት ሁሉ «ማናት እሷ?» ብሎ ጸጥ አለ። ጸጥ ሲል አለቃው ቃሏን ሰማ፤ የአይጥንም ጥርስ ቀርጠፍ ቀርጠፍ ሲል ሰማ። እመት ድመትን ጠራ። ከአይጥ የተረፈው ጅራቷ ብቻ ነው።

አለቃው ይቅርታ መጠየቅ አያውቅበትም። «በይ፣ አልነቅልሽም» አላት። «ግን ‹ደህና ነኝ› ካላልሽኝ፣ ብትሞቺስ በምን አውቃለሁ?»

«ጠዋት ጠዋት አንዴ ጥራኝ፤ አቤት ካላልኩ ና። ሲነክሱኝ እኔው እጠራሃለሁ። ከዚያ ወዲያ አፍህን ሰብስብ፣ መልእክት ላሳልፍበት።»

አለቃው ነገሩን ዋጥ አደረገው። አዋጁም በዚያው ተሻረ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ግን ለራሳችሁ፣ እኔ የሰው እጅ አላይም። ይህን ብቻ ያዙ፦ የታመመ ይናገር፣ ደህና የሆነ ይሥራ።