አይቶ ዝም ያለው ባለሙያ

አንድ አስናቀ የሚባል የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነበር። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል በጠና የታመሙ ጨቅላዎችን አንጎል በመሣሪያ እያየ ምስሉን ለሐኪሞች ያቀርባል። የጨቅላ እርግብግቢት ገና ስላልገጠመ፣ መሣሪያውን እዚያ ላይ ቢያሳርፉት ውስጡ ይታያል። አስናቀ በሥራው የተመሰገነ ነው። ከወላጆች ጋር ግን አያወራም። «ውጤት መናገር የሐኪም ድርሻ ነው» ይላል።

አንድ ሰሞን እንጉዳይ የምትባል ሴት ያለጊዜው የተወለደ ልጇን ይዛ ከሩቅ ወረዳ መጣች። ባሏ ሌሎቹን ልጆች ሊጠብቅ ቀርቷል፤ በከተማው የምታውቀው ሰው የላትም። አስናቀ ሦስት ቀን ተመላልሶ ልጁን አየው። ቅባቱን ይቀባል፣ ስክሪኑን ትክ ብሎ ያያል፣ ጠራርጎ ይሄዳል። እሷ ፊቱን ታያለች። ፊቱ ምንም አይልም።

በአራተኛው ቀን ሲመጣ እንጉዳይ ጓዟን ሸክፋ ቆማለች። ነርሷ አስናቀን፣ «‹ልጄን ስጡኝና ልሂድ› ትላለች። ከትናንት ጀምሮ ለልጁ ጡቷን ማለብም ትታለች» አለችው።

«ምነው እህቴ?» አላት።

«ከምታደክሙት አገሩ ወስጄ ልቅበረው ብዬ ነው።»

«ይሞታል ያለሽ ማነው?»

«ማንም። የምታየው አንተ አይደለህ ወንድሜ? ደህና ቢሆን አንድ ቃል ትለኝ ነበር። እኔማ ሦስቱንም ቀን ብቻዬን ስቀብረው ነው የሰነበትኩት።»

አስናቀ ምስሉ ላይ ያየው ትንሽ የደም መፍሰስ ነበር፤ ከሁለተኛው ቀን ወዲህ አልጨመረም። ይህን እሱም ሐኪሙም ያውቃሉ። የማታውቀው የልጁ እናት ብቻ ናት።

ሄዶ ሐኪሙን ይዞት መጣ። «አንጎሉ ውስጥ ትንሽ ደም ፈስሶ ነበር፤ አሁን ቆሟል» አላት ሐኪሙ፤ «ሲያድግ እንዴት እንደሚሆን አሁን መናገር አልችልም። ዛሬ ግን ልጅሽ እየበረታ ነው።»

እንጉዳይ አላለቀሰችም። ጓዟን አስቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ጡቷን ማለብ ጀመረች። ወተቱ ሸሽቶ ነበርና እስኪመለስ አምስት ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ልጁ ክብደቱ ቀነሰ። አስናቀ በየቀኑ እየመጣ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር፤ የልጁ መክሳት በእሱ ዝምታ የመጣ መሆኑን ያውቃል። ከወር በኋላ እናትና ልጅ ወደ አገራቸው ገቡ።

ዝም ስንል ምንም ያልተናገርን ይመስለናል። ብቻውን ለሚጠብቅ ሰው ግን ዝምታችን መርዶ ሆኖ ይደርሰዋል። ሁሉን መናገር ባንችል እንኳ፣ የሚያውቅ ሰው ጠርተን አብረን መቀመጥ አያቅተንም።

እርስዎስ፣ ፊትዎን እያየ አንድ ቃል የሚጠብቅ ሰው አጠገብዎ ይኖር ይሆን?