አያ ጅቦ የታቀፈው ድንጋይ

አንድ ጊዜ፣ ምንጩ ሁሉ ነጥፎ እንቁራሪት እንኳ ዝም ባለበት በጋ፣ አንዲት አህያና አንዲት ቀበሮ ውሃ ፍለጋ ሲዞሩ ከአያ ጅቦ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እሱም ምላሱ ደርቆ ከላንቃው ተጣብቋል። አህያዋን ከኮቴዋ እስከ ጆሮዋ አያትና ፈገግ አለ።

«እመት አህያ፣ ውሃ ባይኖር ደም አለ» አላት።

አህያ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቀበሮ ግን ቶሎ ብላ መሃላቸው ገባች።

«ደምማ ይብስ ያስጠማል፣ አያ ጅቦ። ውሃው ያለው አየሩ ውስጥ ነው።»

ጅብ አፉን ከፍቶ አየሩን ነከሰው። ደግሞ ነከሰው። ምንም የለም።

ቀበሮ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችው። አየርም እንደ አህያ ተሸካሚ ነው፤ ጭነቱ ዓይን የማያየው እንፋሎት ነው። ሲሞቀው ብዙ ይሸከማል፣ ሲበርደው አቅም ያንሰውና ያራግፈዋል። ተራራ ሲወጣ ደግሞ ከላይ የሚጫነው ስለሚቀልለት ዘና ብሎ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ተራራው አናት ላይ ካሉት ድንጋዮች ማለዳ ጤዛ አይጠፋም።

«ምስኪን፣ እሱም ይደክመዋል ለካ» አለች አህያ።

ጅብ በአንድ ነገር ተስማማ፦ ውሃ ከተገኘ አህያን ሊተዋት፣ ካልተገኘ ቁርሱ ልትሆን።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ጅብ ከሁሉ የሰፋውን ድንጋይ መረጠና ማንም እንዳይልስበት ሆዱን ለጥፎ ተዘረጋበት። ቀበሮ ድንጋዩ ካልቀዘቀዘ ጤዛ እንደማይዝ ብትነግረውም አልሰማት።

«አውቄብሻለሁ። እኔ ስነሳ አንቺ ልትልሺው ነው» አለና ይበልጥ ጥብቅ አድርጎ አቀፈው።

ሲነጋ በዙሪያው ያሉት ድንጋዮች ሁሉ አልቧቸው ነበር። አህያና ቀበሮ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገሩ ላሱ፤ የአህያ ጉልበትም ተመለሰ። ጅብ ብድግ ብሎ ከሆዱ ሥር ቢያይ ድንጋዩ ሞቋል፣ ጠብታም የለበትም።

«ውሃ አልተገኘም» አለና ወደ አህያ ዞረ።

«የአንተማ ጤዛ ጀርባህ ላይ ነው» አለችው ቀበሮ።

እውነትም የጀርባው ፀጉር ጫፍ ለጫፍ ጠብታ አዝሎ ያብረቀርቃል። ጅብ ሊልሰው አንገቱን ጠመዘዘ፤ ምላሱ አልደርስ አለው። ዞረ፤ ጀርባውም አብሮት ዞረ። ቢፈጥን ይቀድመው መስሎት ፈጠነ። እሱ ሲሽከረከር አህያና ቀበሮ ቁልቁለቱን ተያያዙት። ፀሐይ ወጥታ ጀርባውን እስክታደርቀው ድረስ ጅብ ገና እየዞረ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ለሁሉም የሚበቃውን ነገር ለብቻዬ ብሎ የሚታቀፍ፣ በገዛ ሙቀቱ እንደሚያደርቀው ነው።